መጽሐፉን ለራዶስቲና እንዴት እንዳደረስን

በዳኑብ ወንዝ ዳር፣ ከአሮጌው የስኳር ፋብሪካ አጠገብ የሚገኘው ኮሌጃችን በመላው ቡልጋሪያ ስሙ ሊነሳ ይገባዋል። እስካሁን ያልተነሳው በሰው ምቀኝነት ነው። ስለዚህ ያንን ታላቅ ተግባራችንን እኔ የኮሚቴው አባል በሙሉ ኩራት ላወጋችሁ ተነስቻለሁ። ኮሚቴው ውስጥ የገባሁት ምርጫው በተካሄደበት ዕለት ጥርሴን ልታከም ሄጄ ስለነበር ነው። በእኛ ዘንድ የሚመረጠው የቀረ ሰው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ራዶስቲና የምትባል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የዲኑን በር ያንኳኳች ዕለት ነው። ራዶስቲና ዓይነ ስውር ናት። ኮምፒውተሯ የተጻፈውን ሁሉ እያነበበ ያሰማታል፤ ያውም ከግማሾቹ መምህራኖቻችን ፈጥኖ። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቱሪዝም አስተዳደር መማሪያው ኮምፒውተሯ ሊያነበው በሚችል ጽሑፍ እንዲሰጣት። መጽሐፉን የጻፉት ዲኑ ራሳቸው፣ ፕሮፌሰር ስፒሪዶን ኩጻሮቭ ናቸው። የሚፈትኑትም እሳቸው ናቸው። ሰኔ ላይ ያንን ፈተና የወደቀ ተማሪ ከኮሌጁ ይሰናበታል። ራዶስቲና ከተሰናበተች የሚጠብቃት እናቷ ቤት ተቀምጣ ሬዲዮ ማዳመጥ ነው።

"ኮሚቴ ይቋቋም!" አሉ ፕሮፌሰሩ።

ኮሚቴው "የመማሪያ መጻሕፍትንና የትምህርት ፊልሞችን ለሁሉም ተማሪ ተደራሽ የማድረግ ከፍተኛ አስተባባሪ ኮሚቴ" ተባለ። ስሙን ለማጽደቅ እስከ ገና ድረስ ተሰበሰብን። ከገና በኋላ ራዶስቲናን ጠርተን ጥያቄዋን ለድምፅ አቀረብነው፤ ሁላችንም በዝምታ እጃችንን አወጣን። ልጅቷ ቆማ ጠበቀች።

"ምን ተወሰነ?" አለች በመጨረሻ።

"ሁሉም ተስማሙ እኮ! አላየሽም እንዴ?" አሉ ፕሮፌሰሩ።

"አላየሁም።"

"ሲወሰንልሽ ልብ በይ እንጂ ልጄ።"

ልጅቷ ባትጠይቅም ሥራችንን በትምህርት ፊልሞቹ ጀመርን። በእነዚህ ፊልሞች ፕሮፌሰሩ ሰሌዳ ፊት ቆመው "ይህኛው ከዚህ ተነስቶ ወደዚያ ሲሄድ" እያሉ በጣታቸው ያስተምራሉ። ብዙ ከመከርን በኋላ የሚናገሩትን ሁሉ ከሥር በጽሑፍ አወጣነው።

"ይኸው፣ አሁን ተደራሽ ሆነ" አሏት ፕሮፌሰሩ።

"ለማን?"

"ላንቺ ነዋ!"

"እኔ ጽሑፉ አይታየኝም ፕሮፌሰር። የሚጠቅመኝ ምን ላይ እንደሚጠቁሙ በቃል ቢነገረኝ ነው።"

"ፊደሉን እኮ አተልቀነዋል!"

"ቢጫም አድርገነዋል" ብዬ እኔ ጨመርኩበት።

ከዚያ ወደ መጽሐፉ መጣን። የዲኑ ጸሐፊ ወይዘሮ ዝላትካ፣ መጽሐፉ ሲታተም የተየበችው ጽሑፍ አሁንም ኮምፒውተሯ ውስጥ እንዳለ ተናገረች። "ልላክላት?" አለች።

"ያለ ማህተም?" አሉ ፕሮፌሰሩ ፊታቸው ገርጥቶ።

ልክ ነበሩ። በእኛ አገር ክብ ማህተም ያላረፈበት ነገር የለም። ሰው እንኳ ቢሞት ወረቀቱ ላይ ማህተም እስኪመታ ድረስ እንደ በሽተኛ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ጽሑፉ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ ወረቀት ላይ እንዲታተም፣ እያንዳንዱ ገጽ ማህተም እንዲመታበት፣ ከዚያም በማሽን ፎቶ ተነስቶ ወደ ኮምፒውተሩ እንዲመለስ ተወሰነ። ፎቶ ማንሻው ማሽን አዲስ ተገዛ። ሥራ ከመጀመሩ በፊት እንደ ወጉ ይባረክ ተባለና የቅዱስ ኒኮላ ቤተ ክርስቲያኑ አባ ኦኑፍሪ በሶብላቸውንና ጠበላቸውን ይዘው መጡ። ጠበሉን በበሶብላው ሲረጩ እጃቸው ቸር ነው። ማሽኑ አንዴ ጨሰና ዝም አለ።

"አባ፣ ትንሽ አልበዛም?" አልኳቸው።

"ለበጎ ሥራ አይሰሰትም ልጄ" አሉና ባኒጻ ወደሚባለው የአይብ ቂጣችን ዞሩ። ባኒጻውን በልተን ስናበቃ ሌላ ማሽን እንዲገዛ ተወሰነ።

መጽሐፉ ተልኮላት በማግስቱ ራዶስቲና መጣች።

"ፕሮፌሰር፣ ኮምፒውተሬ 'ሥዕል' ብቻ ነው የሚለኝ። ገጽ በለወጥኩ ቁጥር ሥዕል፣ ሥዕል፣ ሥዕል። የላካችሁልኝ የወረቀት ፎቶ ነው፤ ኮምፒውተሬ ፎቶ አያነብም።"

"ማህተሙንም አላነበበውም?"

"ምንም አላነበበም።"

ፕሮፌሰሩ ወደ እኛ ዞሩ። "ማህተሙ ደብዝዟል ማለት ነው።"

ከሶፊያ የሾርባ ሳህን የሚያህል ማህተም አስመጣን። ሐምራዊ ቀለም እስኪጠግብ እየነከርን የየገጹ መሀል ላይ አሳረፍነው። ሥራው አድካሚ ነበር፤ የኮሚቴው አባላት እስከ ፋሲካ እጃችን ሐምራዊ ሆኖ ከረመ። የራዶስቲና ኮምፒውተር ግን አሁንም "ሥዕል" አለ።

"እባክዎ ፕሮፌሰር" አለች። "ፈተናው ደርሷል። ወይዘሮ ዝላትካ ጋ ያለውን ብቻ ይስጡኝ። ካላነበብኩ እወድቃለሁ፣ ከወደቅኩ ወደ ቤቴ መሄዴ ነው።"

እኔ እንኳ አዘንኩ። ማዘኔም በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍርልኝ ጠየቅሁ።

ፕሮፌሰሩ ግን አርቀው አሳቢ ናቸው። ለአንዲት ተማሪ ብቻ ልዩ መጽሐፍ መስጠት አድልዎ መሆኑ ታያቸው። አሮጌው መጽሐፍ በሙሉ ከቤተ መጻሕፍቱ ተለቀመ፤ ለሁሉም ተማሪ ባለ ማህተሙ ታደለ። በዚያች ዕለት በኮሌጃችን እኩልነት ሙሉ ሆነ፤ መጽሐፉን ማንም ማንበብ አይችልም።

ምስጋና ስንጠብቅ ተማሪዎቹ መስኮታችን ሥር ተሰብስበው ያፏጩ ጀመር። ያፏጩት መጽሐፉን ለማንበብ ጓጉተው አልነበረም፤ ልጆቻችንን አንሰድባቸውም። ገጾቹን አሳንሰው እያባዙ እጅጌያቸው ውስጥ የሚከቱት አጤሬራ ሁሉ ሐምራዊ ክብ ሆኖባቸው ነው። አባቶቻቸውም ስልክ መደወል ጀመሩ፤ ከአባቶቹ አንዱ ምክትል ከንቲባ ነው።

"ዝላትካ! ጽሑፉን ላኪላቸው" አሉ ፕሮፌሰሩ።

"ያለ ማህተም?" አልኩ እኔ ደንግጬ።

"የብዙኃን ጥያቄ ራሱ ማህተም ነው!"

ወይዘሮ ዝላትካ ጣቷን ቁልፉ ላይ አንዴ አሳረፈች፤ አለቀ። ራዶስቲናም ከተማሪዎቹ አንዷ ናትና ደረሳት። ለአንዲት ልጅ ዓመቱን ሙሉ ያልተቻለው፣ ብዙዎች ሲያፏጩ ከቁርስ በፊት ተቻለ። ይህን ሳስበው ደስ ስለማይለኝ አላስበውም።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ፈተናው በቃል ነው፤ ኮሚቴውም ፍሬውን ለማየት ፊት ለፊት ተደርድሮ ተቀምጧል።

"በምዕራፍ ሰባት የቀረበውን የእንግዳ አቀባበል ምንነት አስረጂ" አሉ ፕሮፌሰሩ ለራዶስቲና።

"ምዕራፍ ሰባት ምዕራፍ አራት ነው ፕሮፌሰር።"

"በሐሳብ ይቀራረባሉ ለማለት ነው?"

"አይ፣ ቃል በቃል። ኮምፒውተሬ የተበላሸ መስሎኝ ደግሜ አስነበብኩት። አራት ላይ 'ሆቴል' ያለው ሰባት ላይ 'ማረፊያ' ሆኗል እንጂ ሌላው እንዳለ ነው። ምዕራፍ ስምንት ደግሞ የማዕድን ውሃ ማስታወቂያ ነው፤ መጨረሻው ላይ 'ቀዝቅዞ ይጠጣ' ይላል።"

እርስ በርስ ተያየን። ይህ መጽሐፍ ለዓመታት ግዴታ ሆኖ ተሽጧል፤ ተሸልሟል፤ ሌሎች ኮሌጆችም ጠቅሰውታል። መቅድሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ "ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ትንፋሽ አነበብኩት" ብዬ።

"ይህን ለሌላ ሰው ተናግረሻል?" አሉ ፕሮፌሰሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ያነበበ ሰው ፈልጌ አጣሁ እኮ።"

ፕሮፌሰሩ ከፍተኛውን ውጤት፣ ስድስትን፣ ጻፉላትና እጇን ይዘው እስከ በሩ ሸኟት። ለእናቷ ደውላ "አለፍኩ! አለፍኩ!" ስትል በአገናኝ መንገዱ ይሰማ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ብሎኛል፤ ይህኛው ግን ቃለ ጉባኤ ላይ አልሰፈረም።

ኮሚቴው በዚያው ከሰዓት አስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጦ የማጠቃለያ ውሳኔውን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ፤ "መጽሐፉ ለአንዲት ተማሪ በእርግጥ ተደራሽ ሆኖ መገኘቱን ኮሚቴው በጥልቅ ሐዘን አረጋግጧል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ተጣርቶ፣ እንዲህ ያለ ነገር በኮሌጁ ዳግም እንዳይደርስ ጥብቅ እርምጃ ይወሰድ።"