«ከመነሻው እንቁጠረው»

በየዘመዱ መሀል አንድ «ቆይ፣ እስቲ ከመነሻው» ባይ አይጠፋም። እግዜር ለላይ ጋይንት ያደለው ክቡር አቶ ይስማውን ነው። ሥራው አዲስ አበባ፣ የአውሮፕላን አቅጣጫ ጠቋሚ መሣሪያ ማስተካከል ነው። አውሮፕላኑ ሳይነሣ በፊት መሣሪያው የቆመበት ቦታ በትክክል ይነገረዋል፤ ከዚያ ሳይነቃነቅ ጥቂት ደቂቃ ይረጋል። ከተነቃነቀ እንደገና ነው። መነሻውን የሳተ መድረሻውንም ይስታል።

ይኸን አመሉን ይዞ ነው እንግዲህ ለዓመት ፈቃዱ አገሩ ንፋስ መውጫ የሚመጣው። እህቱ አዛለች ገበያ ላይ ድንች ልትሸጥ ስትል ባዶውን ሚዛን ሦስት ጊዜ አስመዘናት።

«አንተ፣ ድንቹ ሊበቅል ነው እኮ!» አለችው።

ዘንድሮ ግን ቀልድ የለም። መምህርት ፍሬሕይወትን ወዷል፤ ፈቃዱ ቅዳሜ ያልቃል። ሽማግሌዎች አባቷ ቄስ መሐሪ ዘንድ ሲገቡ፣ ቤቱ መቀመጥ የሚገባው ሙሽራ ተከትሎ ገባ። እንዳያዋርዳት ፈርታ አዛለችም ተከተለችው።

ሰባት ቤት ተቆጠረ። ስድስተኛው ላይ ሲደረስ በሁለቱም ወገን «ጓዴ» የሚባል አያት ተጠራ።

«እንግዲህ ምን እናደርጋለን፣ እህትህ ናት ልጄ» አሉ ቄስ መሐሪ። ፍሬሕይወት ከጓዳ ስታለቅስ ተሰማ።

«ከመነሻው እንቁጠረው አባ» አለ ይስማው።

«ወይ ጉድ! ተቆጠረ እኮ!»

«ጓዴስ ይሁን። የት አገር የነበረው ጓዴ?»

አንዱ ሽማግሌ ሲያስሉ ይስማው ቆጠራውን አስቁሞ እንደገና አስጀመረ፤ ሌላው ቦታ ሲቀይሩ እንደገና። አዛለች መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በሦስተኛው ቄስ መሐሪ ምርር ብሏቸው፣ «ጓዴ ነዋ! የስማዳው፣ ቤተ ክርስቲያን ያሠራው!» አሉ።

አዛለች ራሷን ረስታ ብድግ አለች። «የኛማ የእስቴው ነው! ፈረስ ሰርቆ ተባሮ ጋይንት የገባው!»

ይኸን ነውር ቤተሰቡ ከትውልድ ወደ ትውልድ ደብቆት ኖሯል። አፏን በእጇ ያዘች።

ቄስ መሐሪ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ጓዴስ ሁለት ኖሯል! ሌባ ዘመድ ደግ ዋለልን!» ብለው መስቀላቸውን አወጡ። ከምርቃቱ የጓዳው እልልታ ቀደመ። አዛለች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች አጠገቧ ላሉት ሽማግሌ፣ «ወንድሜ እኮ ነው!» አለቻቸው፤ ቤቱ ውስጥ ያላወቀ ያለ ይመስል።