መልስ ይዞ የተመለሰው ሞተረኛ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሰው ሰላም ስትሉ መልሱን ትጠብቃላችሁ? እኔ አልጠብቅም ነበር። አዳማ ውስጥ በብስክሌት ወደ ሥራ የምመላለስ አስተማሪ ነኝ። ሞተረኞች ሲያልፉኝ እጃቸውን ያነሱልኛል። እኔም፣ ሁለት ጎማ ያዛመደን ወገኖች ነንና፣ «አካም! ደህና ነህ? ቤተሰብስ?» እያልኩ እጮሃለሁ። «ቤተሰብስ» ላይ ስደርስ ሞተረኛው አደባባዩን ዞሮ ሄዷል።

ባለፈው ሰኞ ግን አንዱ ፍሬን ያዘ። ጠዋት ጠዋት የሚያልፈኝ፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው ጎልማሳ ነው። ሞተሩን አዙሮ መጣ። ምን አጥፍቼ ይሆን ብዬ ደነገጥኩ። ሄልሜቱን አወለቀና፣ «ቤተሰብ ደህና አይደለም» አለኝ። «እናቴ ባቱ ከተማ ታማ ተኝታለች፤ ወደዚያው መሄዴ ነው። እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም።»

እኔኮ የጠየቅሁት ለወጉ ያህል ነበር! አፍሬ ከብስክሌቴ ወረድኩ። «ምን ሆነው ነው?» አልኩት፤ ይህን ጊዜ ከልቤ ነበር። ሕመማቸው እንደጠናና ከእሱ ሌላ አስታማሚ እንደሌላቸው ነገረኝ። ቆመን ስናወራ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አለፈኝ። ሊሄድ ሲል እጄን ጨብጦ፣ «ያንተስ ቤተሰብ?» አለኝ።

ሞተሩን ሳያስነሳ መልሴን ጠበቀ።