የሰው አደራ ዶኔት አድርጌ ገባሁ!

ዛሬ የሠራሁትን ብነግራችሁ አንፎሎው ታደርጉኛላችሁ። ግን ካልተናገርኩ እፈነዳለሁ!

ነገ ከዴንቨር ወደ አዲስ አበባ እበራለሁ። ሀገር ቤት የሚሄድ ሰው ቤት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ሳሎኔ የሰው እቃ መጋዘን ሆኗል። ዶኔት የማደርገው የራሴ ልብስም በጥቁር ፌስታል ታስሮ እዚያው መሀል ተቀምጧል።

የት ልስጥ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ተጨነቅኩ። ያገለገለ ልብስ የሚሸጠው ትልቁ ሱቅ ቅርቤ ነው፤ ትርፉ የት እንደሚገባ ግን እንጃ። ኢስት ኮልፋክስ መንገድ ላይ ያለችው ትንሿ ሱቅ ግን በገቢዋ አዲስ የመጡ ስደተኞችን ትረዳለች። የሰጣችኋትንም ወዲያው ነው ሼልፍ ላይ የምታወጣው። ጎበዝ ነኝ አይደል?

ጠዋት ፌስታሉን ሰጥቼ፣ ደረቴን ነፍቼ ሎውሪ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ገባሁ።

ስልኬ ጠራ። እትዬ ዘነበች ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው እናት።

«ልጄ፣ የእህቴን ጫማ ሻንጣ ውስጥ ከተትሽልኝ?»

አዲስ አበባ ያሉት እህታቸው ስኳር አለባቸው፤ እግራቸው ያብጣል። ያን ሰፊ ጫማ እትዬ ዴንቨርን ዞረው ነው ያገኙት።

ሳሎኑን አየሁ። የኔ ልብስ ቁጭ ብሏል! የሳቸውም እቃ የመጣው በጥቁር ፌስታል ነበር!

«አዎ፣ ከትቼዋለሁ እትዬ» አልኩ። እናቴን የሚያህሉ ሰው ዋሸሁ!

መኪናዬን እንዴት ፓርክ እንዳደረግኩ አላውቅም። ሱቁ ስደርስ «ሼልፍ ላይ ወጥቷል» አሉኝ። ሼልፉ ላይ የለም!

ዞር ስል ጫማውን አንዲት ሴት እግር ላይ አየሁት። ሀበሻ ናት!

«ይቅርታ እህቴ፣ እሱ ጫማ የኔ ነው።»

«እኔ ነኝ ቀድሜ ያነሳሁት» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ገና መምጣቷ ነው፤ ሆቴል ጽዳት ልትጀምር፣ ቆማ የምትውልበት ጫማ ፈልጋ ነው። ያን ሁሉ ሱቅ ያማረጥኩት እኮ ለሷ ዓይነት ሰው ብዬ ነው! አሁን ከእግሯ ላስወልቃት ነው።

ስለ አደራው፣ ስለሚያብጠው እግር፣ ነገ ስለመብረሬ ነገርኳት። እንባዬ መጣ። ጫማውን አውልቃ ሰጠችኝ። ሌላ ልግዛልሽ ብላት እምቢ አለች። እንደዛሬ አፍሬ አላውቅም።

ከፍዬ ልወጣ ስል ጠራችኝ።

«ነገ ነው አይደል የምትሄጂው? ለእናቴ ትንሽ እቃ ታደርሺልኛለሽ?»

ምን ልበል? እሺ አልኩ!

«ትንሽ» ያለችው እዚያው ሱቅ የገዛችውን ብርድ ልብስ ነው። አልጋ የሚያህል!

በሉ ንገሩኝ፣ ከሻንጣዬ ምን ላውጣ? የራስሽን ልብስ እንዳትሉኝ፤ እሱንማ ለሰው እቃ ቦታ ብዬ አውጥቼ ጨርሻለሁ!