እትዬ ጠርጥሪና የሚሰምጠው ፔዳል

ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ የማያምን ሰው ተመድቦለታል። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ወይ በደንብ አልፈለጋችሁም፣ ወይ ሰውየው ራሳችሁ ናችሁ። ለእኛ የደረሰችን አክስቴ ናት። “ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር” የሚለው አባባል ለሌላው ሰው ተረት ነው፤ ለእሷ የሥራ መመሪያ ነው። ስለዚህ “እትዬ ጠርጥሪ” የሚለውን ማዕረግ በቤተሰብ ጉባኤ በሙሉ ድምፅ አጽድቀንላታል። እሷ በሌለችበት ነው ታዲያ፤ ብትኖር ኖሮ ድምፁ እንደገና ይቆጠር ማለቷ አይቀርም ነበር።

ወተት ስትገዛ እጇን እስከ ትከሻዋ አስገብታ ከመደርደሪያው ጥግ ነው የምታወጣው። ሐኪም “ፍጹም ጤነኛ ነዎት” ቢላት “ይሄ ሰውዬ የደበቀኝ ነገር አለ” ብላ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄዳለች። ስልኳ ላይ “እስማማለሁ” የሚለውን ተጫኚ ስትባል፣ ውሉን ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ሦስት ቀን ስልክ አልባ ሆና ከረመች፤ በአራተኛው ቀን “አልስማማም” አለች። እጮኛዬን ላስተዋውቃት የወሰድኩ ዕለት እንኳ የጠረጠረችው ልጅቷን አልነበረም። እኔን በክርኗ ገፋ አድርጋ፣ “ሲናደድ አይተሽዋል? ሳታዪ እንዳትፈርሚ” አለቻት። የገዛ አክስቴ!

ነገሩ ግን ዝም ብሎ የመጣ አመል አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ መድን ድርጅት የካሳ ክፍል ተቀምጣ፣ ሰው ከመኪና አደጋ በኋላ የሚጽፈውን ስታነብ ኖራለች። “ሰው ሲዋሽ ያስረዝማል” ትላለች፤ “ድርጅት ሲዋሽ ደግሞ ትሁት ይሆናል።”

ባለፈው ዓመት አዲስ መኪና ልገዛ ስሄድ ይዣት ሄድኩ። ይዣት ሄድኩ ማለቴም ድፍረት ነው፤ ወሬውን እንደሰማች ቀድማኝ ደጅ ቆማ ነበር። ሻጩ ምላሱ ቅቤ የሆነ ወጣት ነው።

“እናቴ፣ ይሄ እኮ ካለፈው ሞዴል በጣም የተሻሻለ ነው።”

“ያለፈው ምን ሆኖ?”

“ኧረ ያለፈውም ምንም አልሆነም።”

“ታዲያ ምኑን አሻሻላችሁት?”

ልጁ ሬዲዮውን ከፈተላት። እኔ ግን ቀለሙ ልቤን ወስዶት ስለነበር ገዛሁ።

በአራተኛው ወር ፔዳሉ መስመጥ ጀመረ። ፍሬኑን ስረግጠው እግሬ ጭቃ የገባ ይመስል ወደ ታች ይሄድና፣ ልቤ ከቦታው ከወጣ በኋላ መኪናው ይቆማል። ሁለት ጊዜ ወደ ድርጅቱ ወሰድኩት፤ ሁለት ጊዜም “የመኪናው ባህሪ ነው፤ እየለመዱት ይሄዳሉ” ተባልኩ። እኔም አምኜ፣ ጭራሽ ባለቤቴን “ባህሪው ነው” ብዬ ማስተማር ጀመርኩ። አክስቴ ይህን የሰማች ዕለት ወንበሯን ገፍታ ተነሳች።

“ባህሪ ያለው ሰው ነው። ዕቃ ያለው ጉድለት ነው። አንተ ደግሞ ሁለት ሴት ልጆች ከኋላ ጭነህ ባህሪ ታጠናለህ!”

ከሳምንት በኋላ ከድርጅቱ ደብዳቤ መጣ። “ውድ ደንበኛችን፣ ለእርስዎ ምቾት ሲባል የተሽከርካሪዎን አጠቃላይ ሁኔታ በነፃ ለማየት በታላቅ አክብሮት ጋብዘንዎታል” ይላል። ባለቤቴ “እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው!” አለች። አክስቴ መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ እንደገና አነበበችው፤ ጣቷንም “ምቾት” የሚለው ላይ አሳረፈች።

“መቀመጫው ቆርቁሮሃል?”

“አይ።”

“ታዲያ ስለ ምቾትህ ማን ጠየቃቸው? ነጋዴ በነፃ ከጠራህ ሂድ። ግን ሮጠህ ሂድ፤ የፈራው ነገር አለ ማለት ነው።”

አብረን ሄድን። የእንግዳ መቀበያው የቆዳ ወንበርና ቀዝቃዛ ውኃ አለው፤ መሐል ላይ በሚቀጥለው ሳምንት የሚመረቀው አዲሱ ሞዴል ሐር ለብሶ እንደ ሙሽራ ቆሟል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ክራቫቱን እስከ አገጩ ያሰረ የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ ቁልፉን ይዞ መጣ።

“ጨርሰናል፤ ደህና ነው።”

“ምን ቀየራችሁ?” አለች አክስቴ።

“ምንም እናቴ። አየት ነው ያደረግነው።”

“በል እንግዲያው የወጣውን አሮጌ ዕቃ አምጣልኝ።”

“ያልቀየርነውን ዕቃ ከየት እናመጣለን?”

አክስቴ እሱን ትታ በመስታወቱ በር ወደ ጋራዡ ዘለቀች። ቱታ የለበሱ አንድ ሽማግሌ መካኒክ እጃቸውን እየጠረጉ ነበር። አዩዋት፤ ኃላፊውን አዩ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አቀበሏት። የፍሬኑን ዘይት የሚገፋው ዕቃ ነው፤ ዙሪያውን ያለው ጎማ አይጥ የበላው ዳቦ መስሏል።

“ዛሬ ብቻ ይሄ አሥራ አራተኛው ነው” አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ኃላፊው ወዲያው “ቢሮ እንግባ” አለን። ቢሮው ውስጥ ድምፁ ማር ሆነ። የመጣውን ደንበኛ ሁሉ እያስተካከሉ ነው፤ ነገር ግን አዲሱ ሞዴል ሊመረቅ አሥር ቀን ሲቀረው “ፍሬን” የሚል ቃል ከወጣ ስማቸው ይጠፋል። ስለዚህ እኔ “ቅሬታ የለኝም” የምትል ትንሽ ወረቀት ብፈርም፣ የሦስት ዓመት ነፃ ሰርቪስ ይሰጡኛል።

“ያልመጡትስ?” አለች አክስቴ።

“ሲመጡ ይስተካከልላቸዋል።”

“ካልመጡስ? ምቾት አልጎደለንም ብለው ቤታቸው የተቀመጡት?”

“እናቴ፣ እኛም እኮ...”

“እናትህ ብሆን ይሄን መኪና ትሰጠኝ ነበር?”

ኃላፊው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ፦ እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። ሦስት ዓመት ብዙ ነው! አክስቴ ሕፃን ልጅ መቀስ ሲይዝ እንደሚቀማው፣ ከጣቶቼ መሐል መዝዛ ወሰደችው። ያንኑ እስክሪብቶ ይዛ ወደ እንግዳ መቀበያው ወጣች።

“እናንተ ልጆች፣ ፍሬኑ ሲረገጥ የሚሰምጥበት አለ?”

ሁሉም ስልኩ ላይ አቀረቀረ። አዲስ መኪናውን በአደባባይ ማማት ማን ይወዳል? በመጨረሻ ሕፃን ያቀፈች አንዲት ሴት፣ “እኔን ባህሪው ነው ብለውኛል” አለች። “እኔንም!” አለ ከጥግ አንዱ። “እኔማ ሚስቴን አነዳድሽ ነው እያልኩ ስጨቀጭቃት ነው የከረምኩት” አለ ሌላው። እትዬ ጠርጥሪ ከቆዳው ወንበር በአንዱ ተቀመጠች፤ የጡረታ ዘመኗ አበቃ። ቀን፣ ቦታ፣ ፍጥነት፣ ፊርማ፤ ሰባት ሰው አጻፈችና ለኃላፊው ሰጠችው። የእኛንም መኪና አልወስድም አለች። “ምን እንደነበረውና ምን እንዳደረጋችሁት በጽሑፍ ስጡን። ያለ ወረቀት የተጠገነ አልተጠገነም።”

ስምንት ቀን ልጆቼ በአውቶቡስ እየተጋፉ ትምህርት ቤት ሄዱ፤ እኔም ስምንት ቀን አክስቴን አማሁ። በስምንተኛው ቀን ድርጅቱ ያንን መኪና ለገዛ ሰው ሁሉ አዲስ ደብዳቤ ላከ። “ፍሬን” የሚለው ቃል የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው፤ “እስኪስተካከል ድረስ እንዳያሽከረክሩ” ይላል። ትህትናው ሁሉ ጠፍቷል። ምርቃቱም ተራዘመ።

በማግስቱ ጠዋት ኃላፊው ራሱ መኪናውን እየነዳ፣ ወረቀቱንም ይዞ ደጃችን መጣ። የሰፈራችን መንገድ ከበራችን ጀምሮ ቁልቁል ወርዶ አውቶቡሶች የሚተላለፉበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው የሚያርፈው። ልጆቹ ቦርሳቸውን አንግተው ሊገቡ ሲሉ አክስቴ በሩን ያዘች።

“ቆዩ እናንተ።”

“እናቴ፣ ወረቀቱ ላይ ፊርማዬ አለ እኮ።”

“አይቼዋለሁ፤ ቆንጆ ፊርማ ነው። ና፣ አንዴ ወደ ታች አውርደኝ።”

ሰውየው ዞር ብሎ ቁልቁለቱን አየው። “እኔ ልግባ” አልኩ። “አንተ የልጆች አባት ነህ፤ ይልቅ ይቺን ያዝ” ብላ የእጅ ቦርሳዋን ሰጠችኝና ከፊት ተቀመጠች፤ ቀበቶውንም ሁለት ጊዜ ጎትታ አሰረች።

መኪናው ወረደ፤ ፍጥነት ጨመረ። በዚህች ሴት ላይ ስንት ዓመት እንደሳቅን እያሰብኩ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። እግሬ መሬቱን እየረገጠ ነበር፤ እኔ ፍሬን ያለኝ ይመስል። ከታች የኋላ መብራቱ ቀላ። መኪናው ከመስቀለኛው በፊት ቀጥ አለ።

ተመልሰው ሲመጡ የኃላፊው ክራቫት ላልቷል፤ ግንባሩ ወዝቷል።

“አንተም ፈርተሃል” አለችው ስትወርድ።

“ትንሽ፣ እናቴ።”

“ጎበዝ። እንደሱ ነው መኪና የሚሸጠው።”

እኔ ዓይኔ ዕንባ አቅርሮ ልስማት ስጠጋ፣ ቦርሳዋን ከእጄ ወሰደች፤ ከፈተችው፤ ውስጡን አንድ በአንድ አየች።

“ምነው?” አልኳት።

“ምንም” አለች። “በል አሁን ልጆቹን አስገባ።”