እትዬ ሳታይ ውሃ አይለቀቅም

ሐኪም ያድናል፤ የዳነውን የምትጠብቀው ግን ታላቅ እህት ናት። በየቤተሰቡ አንዲት አለች፤ ማንም አልሾማትም፣ ማንም አይሽራትም።

ልብስ ሰፊው ለወገቡ የሕመም ማስታገሻ እንደ ከረሜላ ሲቅም ከርሞ ጨጓራው ቆሰለና ደም አስታወከው። ሐኪሙ ካሜራ ያለው ቱቦ በጉሮሮው አስገብቶ የሚደማውን ቦታ ቆንጥጦ ዘጋው።

«እንደገና እንዳይደማ የሚያሰጉን እነዚህ ሦስት ቀናት ናቸው» አለ። «በደም ሥሩ የሚገባው መድኃኒት አይቋረጥ፤ ማስታገሻ ደጁ አይድረስ፤ ሰገራው ከጠቆረ ቶሎ ጥሩን።»

ልብስ ሰፊው እፎይ አለ። ታላቅ እህቱ ክብርት እትዬ ግን ወንበሯን አልጋው አጠገብ ተከለች።

ነርሷ «መድኃኒቱ እየወረደ ነው» ስትል፣ እትዬ «ሳላይ አላምንም!» ብላ ጠብታውን ቆጠረች። ጎረቤቱ አናጢ ሊጠይቅ ሲመጣ በሩ ላይ አስቆመችው።

«ፍቅርህን ይዘህ ግባ፤ ኪስህን ግን አራግፍ።»

ሁለት ማስታገሻ ወጣ። «ለወገቡ ብዬ እኮ ነው፣ እትዬ» አለ አናጢው አንገቱን ሰብሮ። ክኒኑን ወዲያው ወረሰችው።

ልብስ ሰፊውን ያንገበገበው ግን የመጸዳጃ ቤቱ ጉዳይ ነበር፤ ሰገራውን እሷ ሳታይ ውሃ መልቀቅ ክልክል ነው።

«ኧረ ነውር ነው! የሃምሳ ዓመት ሰው እኮ ነኝ!»

«ሽንት ጨርቅህን የቀየርኩልህ እኔ ነኝ። አሁን ምን አዲስ ነገር አመጣህ?»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እሷ ፊቷን ስትታጠብ ሹልክ ብሎ ገባና በሩን ቆለፈ። ሲነሳ ዞር ብሎ አየ፤ ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። ያ ቱቦ ትዝ አለው። «የበላሁት ነገር ይሆናል» ብሎ ራሱን ሊያታልል እጁን ወደ ውሃው ማፍሰሻ ሰደደ።

በሩ ተደበደበ። «ሳላይ አላምንም!»

ግንባሩን ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀው። ውሃውን ትቶ በሩን ከፈተላት።

እትዬ አየች። አልተቆጣችም፤ አንድ እግር ጫማዋን ጥላ በኮሪደሩ ሮጠች። ሰዓት ሳይሞላ ሐኪሙ ቱቦውን መልሶ አስገብቶ፣ እንደገና የተከፈተውን ቦታ ዘጋ። «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ…» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው።

ከሁለት ወር በኋላ ለምርመራ ተመለሱ። «ቁስሉ ሽሯል» አለ ሐኪሙ። እትዬ በዓይኔ ካላየሁ ብላ ምስሉን አስከፈተች፤ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አገኘችና እንደተቀመጠች እንቅልፍ ጣላት። በነዚያ ሁለት ወራት ስትተኛ ሲያያት የመጀመሪያው ነበር።

ነርሷ ብቅ ብላ «ቀጣይ!» ብላ ጮኸች።

ልብስ ሰፊው ብድግ ብሎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ቀስ ብለሽ ጥሪ፣ እህቴ ተኝታለች።»