በገዛ እጅ የተሠራ የአይስክሬም ኬክ

ለእጅ ሥራ ክብር ይግባውና፣ በኩዊንስላንድ ጠረፍ ባለችው በዚያች ትንሽ ከተማ፣ ከባሕሩ ትይዩ ባለው መንገድ የሚኖሩ እናቶች የልደት አይስክሬም ኬክ ገዝተው አያውቁም። ጥር ገብቶ አስፋልቱ ከጫማ ጋር መጣበቅ ሲጀምር የልጆቹ ልደት ይከታተላል፤ እያንዳንዱም ልደት እናት በገዛ እጇ በሠራችው ኬክ ይከበራል። ለዚህ ምስክሮቹ እናቶቹ ራሳቸው ስለሆኑ ሌላ ማስረጃ መፈለግ ነውር ነው። በዚያው ሰሞን የሱፐርማርኬቱ አይስክሬም በየዓርቡ ተጠራርጎ ማለቁ አይካድም። ሰው አይስክሬም ገዝቶ ምን እንደሚያደርግበት መጠየቅ ግን የጨዋ ጠባይ አይደለም።

የዚህ ሥርዓት ጠባቂ የልደት ኮሚቴው ሊቀመንበር ወይዘሮ ኔሪዳ ነበሩ። በሰፈሩ አየር ማቀዝቀዣ ያለው አዳራሽ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ቁልፉ ከእሳቸው አንገት አይወርድም። የተገዛ ኬክ ያቀረበ ቤተሰብ አዳራሹን ይነፈጋል፤ ልጁም ከሌሎች ልጆች ልደት ይቀራል። ቅጣቱ ከበድ ያለ ቢመስልም፣ ባህል ያለ ቅጣት የት ቆሞ ያውቃል?

ሎሬል ከባሏ ከክሌምና ከልጇ ከቴስ ጋር ከታዝማኒያ ብርድ ወደዚህ የመጣችው በታኅሣሥ ነው። ትጉህ፣ ሰው አክባሪ ሴት ነበረች። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባት፤ የነገሯትን ታምናለች። ቴስ ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው፤ በአዲሱ ሰፈር ግን አንድም ጓደኛ አላገኘችም። ስለዚህ ሎሬል ልብስ ታሰጣ የነበረችውን ጎረቤቷን ኮራሊን በአጥሩ ላይ ጠራቻት።

«ኮራሊ፣ ጥሩ የአይስክሬም ኬክ የሚሸጥ ቤት ታውቂያለሽ?»

ኮራሊ ግራና ቀኝ አየች። «የኔ ቆንጆ፣ አንቺም አላልሽም፣ እኔም አልሰማሁም። እዚህ የምትሠራው እናት ናት። ከእንቁላሉ ጀምሮ፣ ከሀ እስከ ፐ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ኔሪዳማ ክሬሙን ክንዳቸው እስኪዝል ነው የሚመቱት።»

ሎሬል በራሷ አፈረች። የዚያኑ ቀን ካሮጌ ዕቃ ቤት፣ እጀታውን እያዞሩ አይስክሬም የሚመቱበት የእንጨት ባልዲ ገዛች። ክሬሙን ከእንቁላል አስኳል ጋር አብስላ አቀዘቀዘች፤ ከጓሮዋ ዛፍ የወረደውን ማንጎ ጨመቀች፤ በረዶና ጨው በዙሪያው ሞልታ እጀታውን ለክሌም ሰጠችው። የመጀመሪያው ጨው ገብቶበት የጎረቤት ውሻ እንኳ አሽትቶት ሄደ። ሁለተኛው አልረጋ አለ። በሦስተኛው ላይ ክሌም ላቡን በትከሻው እየጠረገ ጠየቀ።

«ሰው ሁሉ በየልደቱ እንዲህ ይሆናል?»

«ሁሉም።»

«ኔሪዳም?»

«እሳቸውማ ክንዳቸው እስኪዝል።»

«እንጃ፤ ትናንት የማርማላታ ክዳን አልከፈት ብሏቸው የጠሩት እኔን ነው።»

በልደቱ ቀን ኬኩ አዳራሽ ገባ። ከታች የተፈጨ ብስኩት፣ ከላይ ማንጎ፣ መሐል ነጭ ክሬም። ልጆቹ አንድ ጊዜ ቀምሰው ሳህናቸውን ይዘው ተመልሰው ተሰለፉ። የኮሚቴው አባላትም ቀመሱና በጥርጣሬ ተያዩ።

ወይዘሮ ኔሪዳ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ሎሬል፣ ይህ ኬክ ማንጎ ማንጎ ይላል።»

«ማንጎ ስለሆነ ነው።»

«የኛም ማንጎ ነው፤ ግን እንዲህ ማንጎ ማንጎ ብሎ አያውቅም።»

«ፋብሪካ ነው» አለች ኮራሊ ማንኪያዋን እየላሰች። «ያውም ውድ ፋብሪካ።»

«ክሌም ነው የመታው፤ ጠይቁት» አለች ሎሬል። ክሌም ሊመሰክር ክንዱን ለማንሳት ቢሞክር ክንዱ አልነሳ አለው፤ ይህም እንደ ማመንታት ተቆጠረበት። ወይዘሮ ኔሪዳ ቆመው፣ ኮሚቴው ጉዳዩን በጥልቀት መርምሮ ኬኩ የተገዛ መሆኑን በሙሉ ድምፅ ማረጋገጡን አስታወቁ። ከውሳኔው በኋላ ሁለተኛ ቁራሽ ያነሱት ለተጨማሪ ምርመራ ነው።

ልጆቹ የኮሚቴው አባላት ስላልሆኑ ወንጀሉ አልገባቸውም። አንዲት ጠቃጠቆ ያለባት ልጅ ቴስን እጇን ይዛ «ቀጣዩ ልደትሽ መቼ ነው?» አለቻት።

«ለከርሞ።»

«ሩቅ ነው። ቶሎ አድርጊው።»

ሎሬል ይህን ሰምታ አዘነች። ልጅቷ ገና ጓደኛ ስታገኝ፣ በእናቷ ጥፋት ከየልደቱ ልትቀር ነው። ወይዘሮ ኔሪዳ ግን አንጀታቸው ራራ። «እያወቀ የተወለደ የለም፤ ማክሰኞ ነይ፣ በእጅ መሥራት አስተምርሻለሁ» አሏት።

ማክሰኞ ሄደች። ወይዘሮ ኔሪዳ በሩን ቆለፉ፤ መጋረጃውን ሳቡ፤ ጋራዡ ውስጥ ያለውን ትልቅ ፍሪዘር ከፈቱ። የሱፐርማርኬት አይስክሬም እስከ አፉ ተደርድሮበታል። አንዱን አውጥተው ለስለስ እስኪል ጠበቁ፤ ብስኩት በተነጠፈበት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ገለበጡት፤ ከዚያ ጠርዙን በሹካ አንጨባረሩት።

«ይህቺ የእናት እጅ ትባላለች» አሉ በኩራት። «ባዶ ዕቃውን ከታጨደ ሣር ሥር ትቀብሪዋለሽ።»

«ግን እኮ ይህ የተገዛ ነው።»

ወይዘሮ ኔሪዳ ተቀየሟት። «ማን ገዛልኝ? በገዛ እጄ ነው የገዛሁት።»

ሎሬል ክርክሩን ተወችው። በየካቲት የክሌም ልደት ሲደርስ፣ በወይዘሮ ኔሪዳ አማላጅነት አዳራሹ ተፈቀደላት፤ እሷም እንደተማረችው ገለበጠች፣ አንጨባረረች፣ ቀበረች። ኬኩ ማንጎ ማንጎ አላለም። ኮሚቴው አጨበጨበ፤ ቴስ ለየልደቱ ተጠራች፤ ሎሬልም ከእንግዲህ የተገዛ ኬክ እየለየች እንድታጋልጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆና ተመረጠች።

ከሹመቱ በኋላ በመጀመሪያ በጓሮ በር የመጣችው ኮራሊ ነበረች።

«ለቴስ ልደት የገዛሽውን፣ ያንን የፋብሪካውን ከየት ነው ያገኘሽው? ለማንም አልናገርም።»

ሎሬል አሰበች። እውነቱን አንድ ጊዜ ተናግራ ያተረፈችውን ታውቃለች። «ሱቁ ሩቅ ነው። ቀድመሽ ከነገርሽኝ ግን አስመጣልሻለሁ።»

ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ በጓሮ በር የማይመጣ የኮሚቴ አባል አልነበረም። አዳራሽ ውስጥ የተገዛውን በእጅ የተሠራ እያሉ ያጨበጭባሉ፤ ቤታቸው በራቸውን ዘግተው በእጅ የተሠራውን የተገዛ ነው እያሉ ይበላሉ። በመጨረሻም ወይዘሮ ኔሪዳ ራሳቸው ጥቁር መነጽር አድርገው መጡ። ፋብሪካው ክሌም ከማንጎው ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ትከሻውን ቅባት ሲያሸት ሰላም አሉትና፣ የታዘዘላቸውን እዚያው ቆመው ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አየሽ ልጄ» አሉ በረጅሙ ተንፍሰው፤ «ለኮሚቴው እንዳትነግሪብኝ እንጂ፣ ፋብሪካ እኮ ፋብሪካ ነው። እጅ የት ይደርስበታል።»