የስፌት መኪናው ይሸጥ አይሸጥ

ሊቁ፦ ባልዲ ነው አልኩህ!

ልብስ ሰፊው፦ ታቹን በስቼዋለሁ እኮ ጋሼ። አሁን የአበባ ዕቃ ሆኗል።

ሊቁ፦ የተበሳ ባልዲ ነዋ! ባልዲ ስለተበሳ ሱቅ ይሆናል?

[ትንሽ ግቢ ነው። ከአጥሩ እስከ ደረጃው በአሮጌ ባልዲ፣ በቆርቆሮና በተሰነጠቀ ድስት አበባ ተተክሏል፤ እግር ማሳረፊያ የለም። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናውን ሸጦ አበባ ነጋዴ ልሁን ብሎ ቆርጧል። የመኪናው ገዢ ሳሎን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሚስቱ ግን «ወንድሜ ይሁን ካላለ ከዚህ ቤት መርፌ አይወጣም» ብላለች። ወንድሟ ሰፈሩ «ሊቁ» የሚላቸው ጡረተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ቁጭ ብለው አደጋ ሲመዝኑ ኖሩ፤ አሁን የሚመዝኑት ቢያጡ ዘመድ ይመዝናሉ። የልብስ ሰፊው ልብ ተንጠልጥሏል።]

ሊቁ፦ ስማ። ይሄ ሁሉ ሽበት የወጣብኝ የሰው ኪሳራ ሳገላብጥ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ እኔ ደግሞ በዕድሜ መስሎኝ።

ሊቁ፦ ዝም ብለህ አዳምጥ! አንደኛ፣ የምትሸጠውን ከየት ታመጣለህ?

ልብስ ሰፊው፦ እሱማ ጋሼ ከ...

ሊቁ፦ አታቋርጠኝ! ጠየቅኩህ እንጂ መልስ አልኩህ? ሁለተኛ፣ በረዶ ቢጥልስ?

ልብስ ሰፊው፦ መኝታ ቤት አስገባቸዋለሁ።

ሊቁ፦ እህቴስ?

ልብስ ሰፊው፦ [አሰብ አድርጎ] እሷም ትግባ። ቦታ ከተረፈ።

ሊቁ፦ ጉድ በል! ተባይ ቢመጣስ?

ልብስ ሰፊው፦ መጥቷል ጋሼ። ያውልዎት፣ ኮሌታዎ ላይ ወጥቷል።

[ሊቁ ኮሌታቸውን እያራገፉ አንድ ዙር ይዞራሉ። ሲዞሩ አንዱን ባልዲ ይገለብጣሉ፤ ጥፋቱም የባልዲው ይሆናል።]

ሊቁ፦ ይኸው! የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ ያሉት ወደው አይደለም። ሰው እኮ ልብስ ሳይለብስ አይውልም። ራቁቱን ሲሄድ ያየኸው ሰው አለ?

ልብስ ሰፊው፦ አንድ ጎረቤት ነበሩ። ገላቸውን ሲታጠቡ ጣራው ተገንጥሎ...

ሊቁ፦ ለምሳሌ ነው ያልኩህ! አበባ ግን ማን ይገዛል? ማንም! የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን ልትጥል ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ጋሼ፣ እዚያ መኪና ፊት ስቀመጥ ወገቤ ብቻ አይደለም የሚያመኝ። ልቤም ያመኛል። እዚህ ወጥቼ አፈር ስነካ ግን ይለቀኛል። ሌላ ምን ልበልዎት?

ሊቁ፦ ምንም አትበለኝ። የልብ ሕመም ኢንሹራንስ አለው፤ የአበባ ፍቅር ግን የለውም። በል ንግድ ማለት ምን እንደሆነ ላሳይህ። እንለማመድ። እኔ ገዢ፣ አንተ ሻጭ።

[ከግቢው ይወጡና በሩን አንኳኩተው ይመለሳሉ።]

ሊቁ፦ እንደምን ዋልክ፣ ባለሱቅ!

ልብስ ሰፊው፦ እንዴ ጋሼ፣ ምን ረስተው ተመለሱ?

ሊቁ፦ ጋሼ አይደለሁም! የማታውቀኝ ሰው ነኝ!

ልብስ ሰፊው፦ እሺ። [ፊቱን ኮስተር አድርጎ] የማላውቅዎት ከሆነማ ማን ፈቅዶልዎት ገቡ?

ሊቁ፦ አምላኬ ሆይ፣ ትዕግስቱን ስጠኝ። አበባ ልገዛ ነው የመጣሁት! ያቺን ቀዩዋን ጽጌረዳ ሽጥልኝ።

[የጠቆሙት ደረጃው ላይ ፀሐይ የምትሞቀውን ነው። እንቡጧ በዝቶ ቅርንጫፏ ጎብጧል። ሊቁ ሳያስቡት ጠጋ ብለው ያሸቷታል።]

ልብስ ሰፊው፦ ከዚህ በፊት አበባ ነበረዎት?

ሊቁ፦ ነበረኛ! ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ በላስቲክ ጠቅልሎ ጽጌረዳ ሸልሞኝ ነበር። ያን ያህል አገልግዬ በሽተኛዋን መርጠው ሰጡኝና ሞተችብኝ።

ልብስ ሰፊው፦ ላስቲኩን አወለቁላት?

ሊቁ፦ ለምን አወልቃለሁ? አቧራ እንዲገባባት? ከነሪባኗ ቁም ሳጥኑ ጥግ አስቀምጬ፣ መጋረጃውን ዘግቼ! ፀሐይ አይነካት፣ ነፋስ አይነካት፣ ተባይ አያያት። ከአደጋ ሁሉ ጠብቄያት ነበር።

ልብስ ሰፊው፦ ውሃስ?

ሊቁ፦ ውሃ ቁም ሳጥን ያበሰብሳል።

ልብስ ሰፊው፦ አልሸጥልዎትም።

ሊቁ፦ ምን አልክ?

ልብስ ሰፊው፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ለርስዎ አልሸጥም።

ሊቁ፦ ልምምድ እኮ ነው!

ልብስ ሰፊው፦ በልምምድም አልሸጥም። ያሳዝነኛል።

ሊቁ፦ እህ! ዋናው አደጋ ታዲያ አንተው ራስህ ነህ! ገዢ በእግሩ ሲመጣለት የሚያባርር ነጋዴ የት አገር አለ?

ልብስ ሰፊው፦ ከስሬ ብቀር ይሻለኛል እንጂ ለገዳይ አሳልፌ አልሰጣትም።

[ሊቁ ጆሯቸው ቀላ። የሰው ሕይወት ዋስትና ሲፈርሙ የኖሩ ሰው፣ በባልዲ መሀል ቆመው ገዳይ ተባሉ!]

ሊቁ፦ ገዳይ? እኔ? ሽጥልኝ!

ልብስ ሰፊው፦ እምቢ።

ሊቁ፦ የእውነት ሽጥልኝ! ልምምዱ ቀረ! የፈለግከውን ጥራ፣ እጥፍ እከፍላለሁ!

ልብስ ሰፊው፦ ላስቲክ?

ሊቁ፦ አላለብሳትም!

ልብስ ሰፊው፦ ፀሐይ?

ሊቁ፦ በረንዳ ላይ አወጣታለሁ!

ልብስ ሰፊው፦ ውሃ?

ሊቁ፦ ከኔ በፊት እሷ ትጠጣለች! እናቴ ትሙት!

ልብስ ሰፊው፦ እናትዎማ ሞተዋል ጋሼ፤ ለቀብራቸው የለበሱትን ሱሪ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ሊቁ፦ እንግዲያው እህቴ ትሙት!

ልብስ ሰፊው፦ ኧረ ተዉ፣ እሷ ሚስቴ ናት! በቃ ይውሰዷት፣ ይውሰዷት!

[ሊቁ ሐሳቡን እንዳይቀይርባቸው ገንዘቡን ራሳቸው ልብስ ሰፊው ኪስ ውስጥ ወሽቀው፣ ጽጌረዳዋን ከነቆርቆሮዋ ላፍ አደረጉ። እሾሁ ወጋቸው፤ ልብ አላሉም።]

ሊቁ፦ አየህ? ሻጭ እንዲህ ነው የሚረታው። ከኔ ተማር።

ልብስ ሰፊው፦ ተማርኩ ጋሼ። ግን ቅድም የምትሸጠውን ከየት ታመጣለህ ብለውኝ አላስጨረሱኝም።

ሊቁ፦ [አበባዋን እያሸተቱ] በል አሁን ጨርስ፤ ፈቅጄልሃለሁ።

ልብስ ሰፊው፦ ከቆሻሻ ገንዳ ነዋ። ሰው ሞተች ብሎ ይጥላል፤ እኔ አንስቼ አሽራለሁ። ያቀፏትን ያገኘኋትም ከርስዎ በር ፊት ለፊት ካለው ገንዳ ነው። ከነላስቲኳ ነበረች።

[እህታቸው ምን ላይ ደረሳችሁ ብላ በመስኮት ብቅ ትላለች። ፀጉሯን ያሰረችው «መልካም የጡረታ ዘመን» በሚል ሪባን ነው። ሊቁ ሪባኑን አዩ፤ ጽጌረዳዋን አዩ፤ ደግመው ሪባኑን አዩ።]

ሊቁ፦ የገዛ አበባዬን ነው የሸጥክልኝ?

ልብስ ሰፊው፦ ኧረ ጋሼ! የርስዎማ ሞታ ነበር።

ሊቁ፦ [ወደ መስኮቱ፣ እየጮሁ] ይሸጥ! መኪናው ዛሬውኑ ይሸጥ! እኔን ያከሰረ ነጋዴ እሱ አይከስርም!

[ልብስ ሰፊው ዓይኑ እንባ አቀረረ። በሩን ከፍቶ ጋሼን በክብር ይሸኛል።]

ልብስ ሰፊው፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ምናልባት ደግማ ብትሞትብዎት ግን፣ አደራዎን፣ ሌላ ገንዳ እንዳይጥሏት።